ከፊት የነበረችው ዜሮ

በቢሮው ካሉት ሰባት ሰዎች ውስጥ ወንበሩ ላይ ኮት የሚሰቅለው እሱ ብቻ ነው። በኮቱ የደረት ኪስ ውስጥ፣ ከብዕሩ ጎን፣ አንዲት ቀጭን ካቻቢቴ ተሰክታለች። ምን ታደርግልሃለች ሲሉት፣ «ምንም፤ ካልያዝኳት ራቁቴን የወጣሁ ይመስለኛል» ይላል። ዕድሜው አርባ ሦስት ነው። ከእሱ ቀጥላ በዕድሜ ትልቋ አለቃው ስትሆን፣ እሷም ገና ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ልጆቹ ጋሼ ራዲዮ ይሉታል። መጀመሪያ ከኋላው ነበር የሚሉት፤ አንድ ቀን የቢሮውን ስልክ አንስቶ «አቤት፣ ራዲዮ ነኝ» ካለ ወዲህ ግን ፊት ለፊት ሆነ።

ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ በአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ጎንበስ ካላሉ በማይገባበት ክፍል ውስጥ፣ ራዲዮና ቴፕ ሲጠግን ኖሯል። ከጊዜ በኋላ ራዲዮ የሚያመጣ ሰው ጠፋ፤ የሚመጣው ሁሉ ስልክ ሆነ። አንድ ቀን አንዲት አስተማሪ፣ የማንቂያ ደወሉ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚጮህ ስልክ አመጣችለት። ከፈተው። እያንዳንዱን ነገር በመለኪያው ነካካ። የተቃጠለ የለም፤ የላላ የለም፤ የረጠበ የለም። ዘግቶ ሰጣትና፣ «ዕቃው ደህና ነው፤ የሚዋሸው ሌላ ነገር ነው» አላት። ሴትየዋ ሄደች፤ ጥያቄው ግን እዚያው ደረጃ ሥር ቀረ። ዕቃው ሁሉ ደህና ሆኖ አንድ ነገር እንዴት ይበላሻል? የተበላሸውስ ነገር የት ነው የሚቀመጠው? ሽታ የለው፣ ሙቀት የለው፣ በምን ይነካል?

መማር የጀመረው ይህን ለማወቅ ነው። ሥራ ልቀይር ብሎ አልነበረም።

አስተማሪው በስልክ ስክሪን ውስጥ የሚያስል ሰው ነበር። ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው እጁ፣ የሚሰማው ሳሉ ነው። ከባድ ነገር ሊያስረዳ ሲል አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ይስላል፤ ጋሼ ራዲዮም ሳሉን ሲሰማ መበየጃውን አስቀምጦ ብዕሩን ያነሳል። አርባውን ትምህርት በአራት ወር ጨረሰ። ሁሉም ገባው። ከዚያም የሱቁን መለዋወጫዎች የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ልጻፍ ብሎ፣ ከባለቤቱ ወንድም በተዋሰው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ አለ። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ደርቀው ቀሩ። የመጀመሪያዋን መስመር እንኳ አያውቃትም። አርባ ቀን ሰው ሲዋኝ ከዳር ቆሞ አይቶ፣ በአርባ አንደኛው ቀን ዘሎ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ሆነ።

በዚያን ቀን በካሬ ደብተሩ ላይ «ማየት መማር አይደለም፤ አሥር ደቂቃ እይ፣ አንድ ሰዓት ሥራ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ እየወፈረ ሄደ። የቋንቋው ሠሪዎች ራሳቸው የጻፉት መመሪያ በነፃ እንደሚገኝ ደረሰበት፤ እንደ መድኃኒት ወረቀት የደረቀ ነገር ነው፤ ግን በቀን ሁለት ገጽ እያለ ጨረሰው። በየማለዳው አንድ አዲስ መልመጃ የሚያወጣ ድረ ገጽም አገኘ፤ መልመጃውን ከፈታ በኋላ የሌሎችን አፈታት ማየት ይቻላል፤ እሱ በአርባ መስመር የፈታውን ሌላው በስድስት መስመር ፈትቶት ሲያይ፣ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ!» እያለ ቁርሱን ይረሳል። የስህተት መልእክት ሲወጣ ድምፁን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ልማዱ ሆነ፤ ደረጃውን የሚወጡ ሰዎች ከማን ጋር ነው የሚነጋገረው ይሉ ነበር። አንድ ነገር ብቻ መማር አላስፈለገውም፤ ባንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትለውጥ የሚለውን ከራዲዮ ጋር ይዞት መጥቷል። ሦስት ዕቃ ባንድ ላይ የለወጠ ጠጋኝ ራዲዮው ቢጮህለትም በየትኛው እንደዳነ አያውቅም።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ሰው ይፈልጋል መባሉን ሰምቶ ሄደ። አለቃይቱ ለተፈታኞቹ ሁሉ አንድ የተበላሸ ፕሮግራም ሰጠቻቸው። ሌሎቹ ወዲያው መጻፍ ጀመሩ። እሱ እጁን አውጥቶ፣ «ከመበላሸቱ በፊት ምን ሲሠራ ነበር?» አላት። ለስድስት ወር ሙከራ የቀጠረችው በዚያች ጥያቄ ነው። ደረጃ ሥር ያለችውን ክፍል ለስልክ ሽፋን ነጋዴ ለቀቀ።

ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ረዘም ያለ ክፍል ነው፤ መስኮቶቹ ወደ ጎማ መሸጫ ግቢ ያያሉ። ሦስት የቤቱ ልማዶች አሉት። አንደኛው ነጩ ሰሌዳ ነው፤ በየጠዋቱ ተራ የደረሰው ሰው አንድ ጥቆማ ይጽፋል፤ ከሥሩ ደግሞ ነገሩን የበለጠ መማር የሚፈልግ የት እንደሚያገኘው። ሁለተኛው የግማሽ ሰዓት ሕግ ነው፤ የቸገረህን ነገር ግማሽ ሰዓት ለብቻህ ሳትታገል ማንንም አትጠይቅም። ሦስተኛውን ለውጭ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ያልገባህን ነገር ምንም ለማያውቅ ነገር መስመር በመስመር ታስረዳዋለህ፤ ስታስረዳ ስህተቱ ራሱ ይታይሃል። አለቃይቱ የምታስረዳው መስኮቷ ላይ ላለ ቁልቋል ነው። ከጋሼ ራዲዮ ጎን የሚቀመጠው ልጅ ደግሞ ለፕላስቲክ ዝሆን ያስረዳል። ይህ ልጅ ማዳመጫ ከጆሮው ስለማይወርድ ጆሮ ዳባ ይባላል።

«የጋሼስ የታለ?» ብለው ጠየቁት በመጀመሪያው ሳምንት።

«እቤት ነው ያለችው። አማቴ ናት።»

ሳቁበት፤ እሱ ግን የምሩን ነበር። አማቱ የሰባ ሁለት ዓመት ሴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ሠርተዋል፤ ግራ ጆሯቸው ማዳመጫው ሲጫነው ኖሮ ደክሟል። ከሰዓት በኋላ መስኮት ሥር ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። ልጃቸውን ካገባ አሥራ አምስት ዓመት አልፎትም እስከ ዛሬ «ሙሽራው» ነው የሚሉት። ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩን ታቅፎ በቀኝ ጆሯቸው በኩል ሲቀመጥ፣ «መጣህ ደግሞ» ይሉታል። «ባሌ ስለ እግር ኳስ ሲያወራ ሠላሳ ዓመት ሰምቻለሁ። ይሄ ከዚያ አይብስም። በል ጀምር።»

ነገሩ የተነሳው የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት ነው።

ድርጅቱ ለአንድ ክሊኒክ የበሽተኞችን ካርድ የሚይዝ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ሥራ ከጀመረ አምስት ወሩ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ኮሽ ብሎ አያውቅም። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ደወሉ፤ ረጋ ብለው የሚናገሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አለቃይቱ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አንድ ሹፌር ጨጓራውን ሊታይ መጥቶ፣ ካርዱን ብከፍተው የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነው ይላል» አሉ ሰውየው።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጆሮ ዳባ ማዳመጫውን አወለቀ፤ «እንኳን ደስ ያለህ በሉታ!»

«እኔም ስቄ ነበር፤» አሉ ሰውየው ሳይስቁ። «ቀጥላ የመጣችው ሴት ካርድ ላይ ግን የሌላ ሰው መድኃኒት ተጽፎባታል። ሐኪሙ ያንኑ ሊደግምላት ሲል ነው የነቃነው። ይህ መድኃኒት ለእሷ አይሆንም።»

አለቃይቱ ወረቀትና ብዕር ሳበች።

ክሊኒኩ እስከ ሐሙስ ጠዋት ጊዜ ሰጠ፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ወደ ወረቀት ይመለሳሉ። አለቃይቱ ስልኩን ዘግታ ዞረች።

«ጋሼ፣ ይሄንን እርስዎ ይያዙት።»

አርብ የምን ቀን እንደሆነ እሷም ታውቃለች፤ እሱም ያውቃል፤ ሌሎቹም ያውቃሉ። ማንም አላነሳውም። ካገኘው ይቀራል፤ ካላገኘው ደግሞ የሚመለስበት ደረጃ ሥር እንኳ የለውም።

መጀመሪያ የጠየቀው ፈተና ላይ የጠየቀውን ነው፤ መቼ ጀመረ? የተደባለቁት ካርዶች ሲታዩ ሁሉም የተደባለቁት ከሦስት ሳምንት ወዲህ ነው። እያንዳንዱ ለውጥ በማን እጅና መቼ እንደተደረገ የሚቀመጥበትን የለውጥ መዝገብ ሲከፍት፣ ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ለውጥ ብቻ አለ፤ ጆሮ ዳባ የሠራው የፍለጋ ሣጥን። ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ለመድረስ ደቂቃ አልፈጀበትም። ልጁ ምሳ ሰዓት ላይ ሳይነሳ ቀረ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እንዴ?»

«አላውቅም። አንተም አታውቅም። ስለዚህ ገና አትዘን።»

«መቼ ልዘን ታዲያ?»

«እነግርሃለሁ።»

የፕሮግራሙን ቅጂ ወስዶ የጆሮ ዳባን ለውጥ ብቻ አወጣ፤ ሌላ ምንም አልነካም። ካርዶቹ አሁንም ይደባለቃሉ። ይህን ለልጁ ሲነግረው ልጁ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አላመነውም፤ ሌሎቹም «እስቲ ይጣራ» አሉ። ማክሰኞ ሙሉ ቀን አንዱን ካርድ ከሌላው ጋር ሲያስተያይ ዋለ። ስልሳ አንድ ጥንድ ናቸው። የሹፌሩ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው፤ የነፍሰ ጡሯም አራት መቶ አሥራ ሁለት። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ለሁለት ሰው አንድ ቁጥር ሰጥተው ይሆን? አንድ ጊዜ ሰው ይሳሳታል፤ ሁለት ጊዜም ይሳሳታል። ስልሳ አንድ ጊዜ ግን ነገር አለው። ደግሞስ አራት ወር ሙሉ ያልተሳሳቱ ሰውዬ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ምን ነካቸው?

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እቤቱ ገብቶ በአማቱ ቀኝ ጆሮ በኩል ተቀመጠ።

«እማማ፣ ካርዱ ሲመጣ ሰውየው ቁጥሩን ይጽፋል።»

«ይጻፍ።»

«ፕሮግራሙ ቁጥሩን መጀመሪያ ያጸዳዋል።»

«ምን ነክቶት?»

«ባዶ ቦታ፣ ሰረዝ፣ ከፊት የተቀመጠች ዜሮ። የማይጠቅም ነገር ሁሉ ይወጣል። ከዚያ ያንን ቁጥር የያዘ ካርድ ካለ ይፈልግና...»

«ቆይ፣ ቆይ። ዜሮዋን ጣላት?»

«ከፊት ስትሆን ምንም አይደለችም እኮ፤ ዜሮ አራት መቶ አሥራ ሁለትም ያው አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው።»

አማቱ ሹራባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን የምትለው ሠላሳ ዓመት ስልክ ሳገናኝ ለኖርኩት ሴት ነው? ዜሮ ያለው አንዱ ቤት ይጮሃል፤ ዜሮ የሌለው ሌላ ቤት ይጮሃል። አንድ ጊዜ አንዲት አዲስ ልጅ ዜሮዋን ዘላ፣ የሚኒስትር ስልክ ልብስ ሰፊ ቤት ገብቶ፣ ሚኒስትሩ ሱሪዎ ደርሷል ተብለዋል።»

«ይሄ ስልክ አይደለም እማማ።»

«ታዲያ ምንድነው? ካርዱን ይደምሩታል?»

«አይደምሩትም።»

«ያካፍሉታል?»

ቀና ብሎ አያቸው። አይደምሩትም፤ አያካፍሉትም። ማንም ሰው በዚያ ቁጥር ሒሳብ ሠርቶበት አያውቅም። ሰው የሚጠራበት ነገር ነው እንጂ።

«ምን ታፈጥብኛለህ? ስንት ረድፍ እንደሠራሁ አስረሳኸኝ። ሂድ ከፊቴ፣ ሙሽራው።»

ክሊኒኩ ሳይዘጋ ደወለ። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ በትዕግሥት አስረዱት። ከጎናቸው አንድ የእናቶች ክሊኒክ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲዘጋ ካርዶቹ በሙሉ ወደ እነሱ መጡ። ቁጥራቸው ከነባሩ እንዳይጋጭ በእያንዳንዱ ፊት በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ጨመሩበት። የእናቶቹ መደርደሪያ በመጨረሻው ግድግዳ ላይ ስላለ ወደ ፕሮግራሙ የገባውም በመጨረሻ ነው።

«መቼ ነው ማስገባት የጀመራችሁት?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው። ማየት ከፈለግክ ምድር ቤት፣ በስተግራ ሁለተኛው በር ነን።»

ጋሼ ራዲዮ ስልኩን ዘግቶ ለብቻው ሳቀ። እንዴት ያምራል! አንዲት መስመር፣ መደርደሪያዋ እስኪደርስ አምስት ወር ተኝታ ጠበቀች። ስህተት ሲገኝ ደስ የሚለው ሰው ነው፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። በዚያች ሰዓት አርብም ትዝ አላለውም።

ረቡዕ ማንም ሳይገባ ቢሮ ደረሰ። መስመሯን አገኛት። አንዲት አጭር መስመር ናት። ከመንካትህ በፊት ማን እንደጻፈውና ለምን እንደጻፈው እይ የሚል ጥቆማ ከሰሌዳው ላይ ገልብጦ ይዟልና፣ የለውጥ መዝገቡን ከፈተ። ከእሱ በፊት የነበረ ሰው ይሆናል ብሎ ገምቷል። መዝገቡ ያሳየው የራሱን ስም ነው። በሥራው ሁለተኛ ሳምንት፣ ሐሙስ። በማብራሪያው ቦታ ላይ «ቁጥሮቹን አጸዳሁ» ይላል። ከሥሩ የአለቃይቱ ማጽደቂያ አለ፤ «ጥሩ ነው»።

ስድስት ወር ሊሞላው የተቃረበ ጽሑፍ የእንግዳ ጽሑፍ ይመስላል፤ አላወቀውም ነበር። ደብተሩን አውጥቶ የዚያን ቀን ገጽ ፈለገ። በገጹ ግርጌ «ከፊት ያለችው ዜሮ ምንድነች?» የሚል ጥያቄ አለ፤ በላዩ መስመር ተሰርዞበታል።

አሁን ትዝ አለው። ክሊኒኩ ለናሙና የላከው ዝርዝር ውስጥ ስልሳ ቁጥሮች ነበሩ፤ አራቱ ከፊታቸው ዜሮ አለባቸው። ሊጠይቅ ተነስቶ ነበር። ያን ቀን ግን አሥራ አንድ ጥያቄ ጠይቆ፣ ጆሮ ዳባ ጮክ ብሎ «አሥራ አንድ! ጋሼ ዛሬ ክብረ ወሰን ሰበረ!» ብሎ ነበር። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ። ተመልሶ ተቀመጠና ግማሽ ሰዓቱን ቆጠረ። በሃያኛው ደቂቃ አንድ ትምህርት ውስጥ «ከውጭ የሚገባን ቁጥር ሁልጊዜ አጽዳ» የሚል ምክር አገኘ። ራሱን በራሱ መልሶ ጥያቄውን ሰረዘ።

ምክሩ ስህተት አልነበረም። የግማሽ ሰዓቱ ሕግም ስህተት አልነበረም። ዜሮዋ ምን እንደሆነች ግን በየትኛውም መመሪያ፣ በየትኛውም ትምህርት ውስጥ አልተጻፈም። የሚያውቃት በዓለም ላይ አንድ ሰው ነበር፤ ስልክ ቢደውልለት በአንድ ደቂቃ ይነግረው ነበር።

መስመሯን ማስተካከል አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጠዋት ላይ «ተገኘ» ቢል ሁሉም እልል ይላሉ፤ የተስተካከለን ነገር ማን መዝገብ ገልጦ ያየዋል? አርብም በሰላም ያልፋል። ይህን አሰበ፤ አላሰበም ብንል ውሸት ይሆናል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ወገን አገላበጠው። ነገር ግን መስመሯ ብትስተካከል የነገን ካርድ ነው የምታድነው። የተደባለቁትን ስልሳ አንድ ጥንድ አትለያቸውም፤ ዜሮዋ ከጠፋች በኋላ የትኛው ጽሑፍ የማን እንደሆነ ኮምፒውተሩም አያውቅም። አንድ ሰው ወረቀቱ ዘንድ ሄዶ ቁጭ ብሎ መለየት አለበት። ለዚያ ደግሞ ምን እንደተደረገ፣ ማን እንዳደረገው መናገር ያስፈልጋል። ጆሮ ዳባም አለ፤ ሰኞን ማክሰኞን ሳይበላ የዋለው ልጅ።

በሰሌዳው ላይ ለመጻፍ የዕለቱ ተረኛ ጆሮ ዳባ ነበር። ጋሼ ራዲዮ ተነስቶ እስክሪብቶውን አነሳ፤ የልጁን ተራ ወሰደ።

«በሁለተኛው ሳምንቴ ከካርድ ቁጥሮች ፊት ዜሮ ቆረጥኩ። ዜሮዋ የሌላ ክሊኒክ ካርድ ምልክት ነበረች። የስልሳ አንድ ጥንድ ሰዎች ካርድ ተደባለቀ። የፍለጋ ሣጥኑ የለበትም።

ጥቆማ፦ የግማሽ ሰዓቱ ሕግ ኮምፒውተር ሊመልሰው ለሚችል ጥያቄ ነው። ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነገር ወዲያውኑ ሰውየውን ጠይቅ።

የበለጠ ለመማር፦ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል፣ ምድር ቤት፣ በስተግራ ሁለተኛው በር።»

መጀመሪያ የደረሰው ጆሮ ዳባ ነው። አነበበው። ማዳመጫውን አውልቆ እንደገና አነበበው።

«ጋሼ፣ ከሰኞ ጀምሮ ምሳ አልበላሁም እኮ።»

«አውቃለሁ። ሂድ ብላ።»

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው!»

«ቁርስ በለው።»

ልጁ አልሄደም። ሰሌዳው ላይ አፍጦ ቆየና፣ «አሥራ አንድ ብዬ የቆጠርኩት ያን ቀን ነው?» አለ። ጋሼ ራዲዮ መዋሸት አልፈለገም፤ እስክሪብቶውን ከድኖ ቦታው መለሰው። ልጁም ዝሆኑን ከጠረጴዛው አንስቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ አወጣው።

አለቃይቱ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ አነበበችው። ሌሎቹ ሥራ የያዙ ይመስል ስክሪናቸው ላይ ተደፉ።

«ስምዎን ብቻ ነው የጻፉት» አለች።

«የእኔ ነዋ መስመሩ።»

«ከሥሩ ጥሩ ነው ያለችውስ ማን ናት? ያንን ዝርዝር እኔም አይቼዋለሁ። ዜሮዎቹንም አይቻለሁ። ምንድናቸው አላልኩም።» እስክሪብቶውን ወሰደችና ከጽሑፉ ሥር «አየሁት፤ አሳለፍኩት» ብላ የራሷን ስም ጨመረች። «ለክሊኒኩ ማን ይንገራቸው?»

«እኔ።»

«በስልክ?»

«ሄጄ።»

ስለ አርብ ምንም አላለችም። እሱም አልጠየቃትም፤ ሁሉን ለሚጠይቀው ሰው ይህ ሊጠይቀው የፈራው ነገር ነበር።

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ቆማ አዳመጠችውና፣ «ስለዚህ ስህተቱን የሠሩት ሰው እርስዎ ነዎት፤ የሚያርሙትም እርስዎ» አለች። «አዎ» አላት። ሁለት ቀን ሰጠችው፤ የእናቶቹ ካርድ እስኪለይ በወረቀት እንደሚሠሩ፣ ሌላው ግን እንደሚቀጥል ነገረችው። የካርድ ክፍሉ ሰውዬ በበኩላቸው ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ዜሮዬን የጣልካት አንተ ነህ?» አሉት። «ና ግባ እንግዲህ። እጅህን ታጠብ፤ አቧራው ክፉ ነው።»

ሐሙስን እዚያ ዋለ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መደርደሪያዎቹ ጣሪያ ይነካሉ። ሰውየው ካርዱን ያወጣሉ፤ እሱ ያነባል፤ በኮምፒውተሩ ላይ እያንዳንዱን ጽሑፍ ወደ ባለቤቱ ይመልሳል። ሹፌሩ እርግዝናው ወረደለት። እየሠራ ግን ዓይኑ አላርፍ አለው። በአንዳንድ ካርድ ላይ ጠርዙ የታጠፈው ለምንድነው? ሰፈር የቀየረ ሰው ነው። ቀይ ክር የታሰረባቸውስ? መድኃኒት የማይስማማቸው ናቸው። በእርሳስ የተጻፈ ስም? ገና መታወቂያ ያላመጣ። ከእነዚህ አንዱም ፕሮግራሙ ውስጥ የለም።

«ይሄን ሁሉ ለምን አልነገራችሁንም?»

«ማን ጠየቀን?» አሉ ሰውየው፤ ካርዱን እያራገፉ። «የመጡት ልጆች ቁጥሩን ስጡን አሉ፤ ሰጠናቸው።»

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ጥንድ ሲቀራቸው ስልኩ ጮኸ። አለቃይቱ ናት።

«የእርስዎ የቋሚ ቅጥር ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፈርሜበታለሁ» አለች፤ ድምፅዋ እንደማንኛውም ቀን ነው። «የሙከራ ጊዜው ዛሬ ስለሚያልቅ እርስዎም ዛሬ መፈረም አለብዎት። ከአሥራ አንድ በፊት ይድረሱ።»

በአቅራቢያው በነበረው የካርድ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። «እሺ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ሰውየው ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ካርድ አወጡ። ጠርዙ አንድ ጊዜ አልነበረም የታጠፈው፤ አራቱም ጠርዞች ታጥፈዋል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ በወረቀት መብሻ የተበሳ ክብ ቀዳዳ አለ።

«ይሄስ?» አለ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ።

ሰውየው ካርዱን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። «እሱ እንኳ ረዥም ነው» አሉ።

«ጋሼ?» አለች አለቃይቱ። «ይሰሙኛል? በስንት ሰዓት ይመጣሉ?»

«አንድ ነገር ጠይቄ ነው የምመጣው።»

«ምን ያህል ይፈጃል?»

«አላውቅም። ገና አሁን ነው ያየሁት።»

በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ ቁልፍ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ይጠይቁ» አለች። «ወረቀቱን እኔ ይዤው እመጣለሁ። እስክደርስ ግን ሰውየው እንዳይጨርሱት፤ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።»